የድሮውን መልሰው ይሞክሩት

መርካቶ ውስጥ ያገለገሉ የኮምፒውተር ዕቃዎች ከሚሸጡባቸው ጠባብ ሱቆች በአንዱ ደጃፍ ላይ ቆሜ፣ በዕድሜው ልጄ ሊሆን በሚችል ወጣት ላይ ከጮኽኩ እነሆ አራት ወር ሊሞላኝ ነው። ጩኸቱ ረጅም አልነበረም፤ ሁለት ደቂቃም አልሞላ። «መበላሸቱን እያወቅክ ነው የሸጥክልኝ» አልኩት። ዕቃ ሊገዙ የቆሙ ሁለት ሰዎች ዞር ብለው አዩን፤ አንደኛው ምንም ሳይገዛ ሄደ። ልጁ ግን ድምፁን ከፍ አላደረገም። የሸጠልኝን ፕሮሰሰር፣ ማለትም የኮምፒውተሩን አንጎል፣ ከእጄ ተቀብሎ በስተጀርባው ያሉትን ወርቃማ ነጥቦች ወደ ብርሃን አስጠግቶ ተመለከታቸውና፣ «ጋሼ፣ የድሮውን መልሰው ይሞክሩት። በድሮው ከሠራልዎት ሳልከራከር ገንዘብዎን እመልሳለሁ» አለኝ። ከነገሩ ሁሉ እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ይህ ንግግሩ ነው፤ ማንኛውም ጠጋኝ ከሁሉ አስቀድሞ ሊያደርገው የሚገባውን ነገር፣ እኔ ሁለት ሳምንት ሙሉ ስደክም አንድም ጊዜ አላሰብኩትም ነበርና።

ማታ ማታ ኮምፒውተር መፍታትና መግጠም የቆየ ሱሴ ነው፤ በሙያዬ ግን የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ሲሆን፣ ከመስኮቴ ሆኜ ወደ አዳማ በሚወስደው የፍጥነት መንገድ የሚያልፉትን መኪኖች መብራት፣ ከዚያ ወዲህ ደግሞ ገና ቤት ያልተሠራበትን ማሳ አያለሁ። በክረምት ማሳው ይለመልማል፤ የመብራቱ ነገር ግን አያድርስ ነው።

ኮምፒውተሬ አንድ መሥሪያ ቤት በጨረታ ካስወገዳቸው አሮጌ ዕቃዎች መካከል ያገኘሁት ነው። ፕሮሰሰሩ በፈረንጆች 2007 ገበያ ላይ የዋለው ፔንቲየም ዱዋል ኮር ኢ2160፣ ሜሞሪው 4 ጊጋባይት፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙም ፍሪቢኤስዲ ነው። ለፍሪቢኤስዲ የተዘጋጀ ማሻሻያ በአንድ ትእዛዝ አውርዶ መጫን እንደሚቻል አውቃለሁ፤ ብዙ ጊዜም ተነግሮኛል። እኔ ግን ፕሮግራመሮቹ የጻፉትን ሶርስ ኮድ አውርጄ፣ የሲስተሙ እምብርት ከሆነው ከከርነሉ እስከ ትንሿ ትእዛዝ ድረስ እዚያው ማሽኔ ላይ ኮምፓይል ማድረግ፣ ማለትም ማሽኑ ወደሚያስኬደው ፕሮግራም መለወጥ፣ እወዳለሁ። እናቴ ስንዴ ገዝታ፣ ለቅማ፣ አስጥታ፣ ወፍጮ ቤት ራሷ ቆማ ታስፈጫለች እንጂ የታሸገ ዱቄት አታምንም፤ ጠባዩን ከእሷ የወረስኩት ይመስለኛል።

ችግሩ ወፍጮው ነበር። ከከርነሉ በቀር ሲስተሙን በሙሉ የሚሠራው ትእዛዝ «ሜክ ቢልድወርልድ» ይባላል። ክላንግ የተባለው ኮምፓይለር ራሱ ከሲስተሙ ጋር አብሮ ስለሚመጣ፣ ከሥራው ሁሉ ትልቁን ጊዜ የሚበላው ኮምፓይለሩን በኮምፓይለር መሥራቱ ነው። በሁለት ኮር፣ ማለትም ጎን ለጎን በሚሠሩ ሁለት አስሊዎች፣ እና በ1.8 ጊጋኸርዝ ፍጥነት ይህ ከአንድ ቀን በላይ ይፈጅብኛል፤ በእኛ ሰፈር ደግሞ በክረምት አንድ ቀንና አንድ ሌሊት መብራት ሳይጠፋ ካለፈ ጎረቤት ለጎረቤት የሚወራ ነገር ነው። መብራት ሲጠፋ የሚተካው ባትሪ፣ ዩፒኤሴ፣ የሚሰጠኝ ኮምፒውተሩን በሥርዓት ለመዝጋት የምትበቃ አሥር ደቂቃ ናት። ስለዚህ በ2017 ዓ.ም. ክረምት፣ መብራት ከመጥፋቱ በፊት ፈጭቶ የሚጨርስ ፕሮሰሰር ፍለጋ ወጣሁ።

ያገኘሁት ኮር 2 ኳድ ኪው6600 ነበር፤ አራት ኮር፣ 2.4 ጊጋኸርዝ፣ 8 ሜጋባይት ካሽ። እርሱም የ2007 ዕቃ ነው፤ በዘመኑ ግን የሀብታም ዕቃ ነበር። ሶኬቱ ያው ኤልጂኤ775 ነው፤ ማዘርቦርዴም እንደሚቀበለው ከአምራቹ ዝርዝር ላይ አረጋግጫለሁ። ልጁ በክዳኑ ላይ የተቀረጹትን ፊደላት በጥፍሩ እያሳየ «ኤስኤልኤሲአር ነው፣ ጋሼ፤ ጂ ዜሮ የሚባለው፤ ከፊተኛው ያነሰ ይሞቃል» አለኝ። እውነቱን ነበር። የመጀመሪያው እትም 105 ዋት ሲሆን ይኸኛው 95 ነው። ከዚያም በራሱ መሞከሪያ ማሽን ላይ ገጥሞ ማሽኑ ሲበራ መጀመሪያ የሚነሣው ፕሮግራም፣ ባዮሱ፣ አራቱንም ኮሮች ሲያነብ አሳየኝ። ዕቃ ሲገዛ ከዚህ የበለጠ ምን ይጠየቃል?

## ጥቁሩ ስክሪን

የዚያኑ ዕለት ማታ፣ ባለቤቴ «ነገ ቀን በብርሃን ብትሠራው ምናለበት?» እያለችኝ፣ ካቻቢቴዬን ይዤ ተቀመጥኩ። አሮጌውን ፕሮሰሰር አውጥቼ በእንቁላል ካርቶን ውስጥ አስቀመጥኩት፤ አዲሱን ገጥሜ ሙቀት አስተላላፊ ፔስት ቀባሁት፤ ማቀዝቀዣውንም በአራት እግሮቹ ጫን ጫን አድርጌ አሰርኩት። ስከፍተው ፋኑ ይዞራል፤ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው። ከሌላ ማንኛውም ሰው የምትሰሙትን ምክር ለራሴ መከርኩና የማዘርቦርዱን የሰዓት ባትሪ አውጥቼ፣ አሥር ደቂቃ ጠብቄ መለስኩት። በራ! ከደስታዬ የተነሣ ለምን እንደጠቆረ፣ ለምንስ እንደበራ አልጠየቅኩም። ይህን ያለመጠየቄን ነገር ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ባትሪው በመውጣቱ ሰዓቱ ወደ ፋብሪካው ቀን ተመልሶ ዓመተ ምሕረቱን 2007 ይል ነበር። እንደ እኛ አቆጣጠር ቢሆን ኖሮ የአሥር ዓመት ስህተት ብቻ ነው ብዬ በራሴ ቀልድ ሳቅኩ። ሳቄ ብዙም አልቆየ፤ ፓኬጅ ላወርድ ስል የሰርቨሮቹ የደኅንነት ሰርተፍኬት «ገና ጊዜው አልደረሰም» እየተባለ ሁሉም እምቢ አለኝ። ሰዓቱን ከኢንተርኔት አስተካከልኩና በአራቱም ኮሮች ላይ ሜክ ቢልድወርልድን ጀመርኩ።

## ሲግናል 11

አርባ ደቂቃ ያህል እንደሄደ ቆመ። ከርነሉ ያስቀመጠው መልእክት ኮምፓይለሩ በሲግናል 11 መሞቱን ይናገራል። ሲግናል 11 ማለት አንድ ፕሮግራም የእርሱ ያልሆነ የሜሞሪ አድራሻ ሲነካ ከርነሉ አንገቱን ይዞ የሚያስወጣበት ምልክት ነው። ትእዛዙን ደገምኩት፤ አሁን ደግሞ በሌላ ፋይል ላይ፣ ከሰዓት ተኩል በኋላ ሞተ። ለሦስተኛ ጊዜ ደገምኩት፤ በሦስተኛ ቦታ ሞተ።

እንደ ፍሪቢኤስዲ ባሉ ዩኒክስ መሰል ሲስተሞች ላይ የቆየ ሰው ይህን ጠባይ ያውቀዋል። ስህተቱ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ላይ ከወደቀ ጥፋቱ በአብዛኛው የጽሑፉ፣ ማለትም የሶርስ ኮዱ ወይም የኮምፓይለሩ ነው፤ በየጊዜው ቦታ እየቀያየረ ከወደቀ ግን ጥፋቱ በአብዛኛው የብረቱ፣ ማለትም የማሽኑ አካል፣ ነው። ክላንግ በዚህ ረገድ ምስጉን ልማድ አለው፤ ሲሞት፣ የሞተበትን ፋይልና ያንኑ አሟሟት የሚደግም ትንሽ ስክሪፕት በጊዜያዊ ማኅደር ውስጥ ትቶ ይሄዳል። ሦስቱንም ስክሪፕቶች አስኬድኳቸው። ሦስቱም አንዳች ስህተት ሳያሳዩ እስከ መጨረሻው ሠሩ። ስለዚህ ጥፋቱ የብረት መሆኑን በመጀመሪያው ሌሊት አውቄያለሁ፤ እስከዚህ ድረስ አካሄዴ የሚያሳፍር አልነበረም።

ቀጥሎ የጠረጠርኩት ሙቀቱን ነው። የድሮው ፕሮሰሰር 65 ዋት የሚበላ ሲሆን አዲሱ 95 ነው፤ ማቀዝቀዣው ግን የድሮው ነው። ኮርቴምፕ የሚባለውን ሞጁል ጭኜ የየኮሩን ሙቀት ሳነብ ሥራ ላይ ከ85 ዲግሪ በላይ ይወጣ ነበር። ኬዙን ከፍቼ ብመለከት ከማቀዝቀዣው አራት እግሮች አንዷ ቀዳዳዋ ውስጥ ገብታ አልቆለፈችም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ በችኮላ የገጠምኩት በችኮላ ተንጋዶ ነበር። ማዘርቦርዱን አውጥቼ ከጀርባው በኩል እያየሁ አራቱንም እግሮች ቆለፍኩ፤ ፔስቱን አድሼ ቀባሁ፤ ሙቀቱ ወደ 65 ወረደ። ችግሬን ያገኘሁ መሰለኝ፤ ለባለቤቴም «አለቀ» አልኳት።

ከሦስት ሰዓት በኋላ ኮምፓይለሩ በሲግናል 11 ሞተ።

እውነተኛ ጥፋት አግኝቼ፣ በእርግጥም አስተካክዬው፣ ነገር ግን የምፈልገው ጥፋት እርሱ አልነበረም። ማሽኑ በፊት ከሄደበት ይልቅ ረዘም አድርጎ መሄዱ ደግሞ ወደ መፍትሔው የቀረብኩ አስመሰለኝ። ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ፓወር ሰፕላዩን ከጎረቤት ተውሼ ቀየርኩ፤ ስታብላይዘሩን ነቅዬ ሞከርኩ፤ በማዘርቦርዱ ላይ ያበጠ ካፓሲተር እንዳለ በስልክ መብራት ፈለግኩ። በየመካከሉ መብራት ይጠፋል። በተሳሳተ ሜሞሪ ወይም ፕሮሰሰር የተሠራ ፋይል ሳይታወቅ ተበላሽቶ ተቀምጦ ሊሆን ስለሚችል፣ ካቆመበት ማስቀጠልም አላስተማመነኝም፤ ስለዚህ የተሠራውን ሁሉ እያጠፋሁ ከዜሮ እጀምራለሁ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእኔ የተባለ እስኪመስለኝ ድረስ፣ ቀስ ብሎም ቢሆን ይሠራልኝ የነበረውን ማሽን ጨርሶ የማይሠራ አደረግኩት።

በሂሳብ ሥራ፣ ትናንት የታረቀ መዝገብ ዛሬ ካልታረቀ መጀመሪያ የሚታየው የመጨረሻው ግቤት ነው። ደንቡ ጥሩ ነው። የእኔ የመጨረሻ ግቤት ደግሞ ፕሮሰሰሩ ነበር። የሸጠልኝ ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥ፣ ደረሰኝ የማይሰጥ፣ ዕድሜው ሃያዎቹ ውስጥ ያለ ልጅ ነው። እነዚህ ሦስት ነገሮች በልቤ ውስጥ ከማስረጃ ተቆጠሩ። ሁለት ታክሲ ቀይሬ መርካቶ ወረድኩና ከላይ የነገርኳችሁን አደረግኩ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይባላል፤ እኔ ግን አህያዋ የት እንዳለች እንኳ ሳላውቅ ነው ዳውላውን የደበደብኩት።

## የድሮው ሲመለስ

ቅዳሜ ማታ ነበር። ፕሮሰሰሩን ነቅዬ አሮጌውን ከእንቁላል ካርቶኑ ውስጥ አወጣሁት። ይህን ያደረግኩት ለማወቅ አልነበረም። ልጁ በገዛ አፉ የተናገረውን ፈጽሜ፣ «ይኸው፣ በድሮው ይሠራል» ብዬ ገንዘቤን ለመቀበል ነበር። ውጤቱን አስቀድሜ ጽፌ የጨረስኩት ሙከራ ነበር ማለት ይቻላል።

በድሮው ፕሮሰሰር ሲስተሙን በሙሉ መሥራት ከአንድ ቀን በላይ ስለሚወስድ አጭር ፈተና ፈለግኩ። እናቴ ከልጅነታችን ጀምሮ የምትነግረንን ተረት በስልክ እየቀዳሁ ያከማቸሁበት 7 ጊጋባይት የሚሆን አንድ የታሸገ ፋይል አለኝ። ፋይሉን «ኤስኤችኤ256» በሚባለው ትእዛዝ ደጋግሜ ለማስላት ወሰንኩ። ይህ ትእዛዝ የአንድን ፋይል ይዘት በሙሉ አልፎ 256 ቢት የሆነ አንድ ድምር ይሰጣል፤ ከፋይሉ ውስጥ አንዲት ቢት፣ ማለትም ዜሮ ወይም አንድ የሆነች ትንሿ የመረጃ ክፍል፣ ብትለወጥ ድምሩ በሙሉ ሌላ ይሆናል። ፋይሉ ከሜሞሪው መጠን መብለጡ ሆን ብዬ የመረጥኩት ነገር ነው፤ ካነሰ ሲስተሙ ለሁለተኛ ጊዜ ከዲስኩ አያነበውም፣ በሜሞሪ ውስጥ ካስቀመጠው ቅጂ ይሰጣል፣ ያ ቅጂ የተበላሸ ቢሆን ደግሞ ያንኑ የተበላሸውን እየደጋገመ ትክክል ያስመስለዋል። እያንዳንዱ ዙር ሁለት ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። አሥር ዙር እንዲሠራ አዝዤ እራት ለመብላት ተነሣሁ።

ስመለስ አሥር መስመር ተደርድሮ ጠበቀኝ። እንዲህ ያለውን ረጅም ቁጥር በዓይን ማነጻጸር አስቸጋሪ ስለሆነ የየመስመሩን የመጀመሪያ አራት ምልክቶች ብቻ አየሁ። አንደኛው፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው አንድ ናቸው። አራተኛው ሌላ ነው። ከአምስት እስከ ስምንት ያሉት ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ጋር መልሰው አንድ። ዘጠነኛው ደግሞ ከሁሉም ሌላ፣ ከአራተኛውም ሌላ።

ለተወሰነ ጊዜ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ስደምር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ አንድ ዓምድ ሁለት ጊዜ ደምሬ ሁለት ውጤት ካገኘሁ የደከምኩት እኔ ነኝ እላለሁ እንጂ ቁጥሮቹ በመካከል ተለወጡ ብዬ አላውቅም። አሁን ግን የሚደምረው አይደክምም፤ ፋይሉም አልተነካም። በአሮጌው ፕሮሰሰር፣ ለዓመታት አንድም ቀን አሳፍሮኝ በማያውቀው ላይ፣ ያው ስህተት ዓይኔ እያየ ወጣ። ከውጭ ጅብ ይጮህ ነበር፤ በእኛ ሰፈር ይህ አዲስ ነገር ባይሆንም ያን ዕለት በእኔ ላይ የሚስቅ መሰለኝ።

በመጀመሪያ የተሰማኝ እፎይታ ሳይሆን ብስጭት ነው። ይህን ማመን አለብኝ። ልጁ ልክ ከሆነ እኔ ምን ልሆን ነው? ለጥቂት ደቂቃዎች «አዲሱ ፕሮሰሰር ማዘርቦርዱን አበላሽቶት ሊሆን ይችላል» የሚል ሐሳብ እንኳ በአእምሮዬ ተመላልሷል፤ ማለትም ጥፋቱን ከልጁ ላይ ላለማንሣት ማሽኔ መሞቱን ልቀበል ዳር ዳር እያልኩ ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ትክክለኛው ጥያቄ የመጣው፦ ይህን ሙከራ ለምን ከሁለት ሳምንት በፊት አላደረግኩትም? ማቀዝቀዣውን ሦስት ጊዜ ፈትቻለሁ፤ ፓወር ሰፕላይ ተውሻለሁ፤ አሮጌውን ፕሮሰሰር መመለስ ከዚህ ሁሉ ያነሰ ድካም ነበረው፤ ከክንዴ አንድ ስንዝር ርቆ ካርቶን ውስጥ ተኝቶ ነበር። ያላደረግኩት እርግጠኛ ስለነበርኩ ነው። ለዓመታት የሠራ ነገር ምን ይፈተናል?

ነገር ግን ለዓመታት የሠራው ፕሮሰሰሩ ብቻውን አልነበረም። የሠራው ፕሮሰሰሩ ከነማዘርቦርዱ፣ ከነሜሞሪው፣ ከነቅንብሩ ነው። እኔ በዚያች ሌሊት የቀየርኩት አንድ ነገር መስሎኝ ነበር፤ በመዝገቤም ላይ አንድ ግቤት ብቻ ነበር የጻፍኩት። በእውነቱ ግን ሁለት ነገር ቀይሬያለሁ። ስክሪኑ ጠቁሮ ባትሪውን ባወጣሁ ጊዜ፣ በባዮሱ ውስጥ በዓመታት ውስጥ ያስተካከልኩትን ሁሉ ደምስሻለሁ። ሰዓቱ ወደ 2007 መመለሱን አይቼ ስቄያለሁ፤ አብሮት ምን እንደተመለሰ ግን አልጠየቅኩም።

ይህን ካሰብኩ በኋላ የቀረው ሥራ ቀላል ነበር። ሜምቴስት86 ፕላስን በፍላሽ ጭኜ አስነሣሁ፤ ይህ ፕሮግራም ያለ ምንም ኦፐሬቲንግ ሲስተም ተነሥቶ በሜሞሪው ላይ የተለያየ ቅርጽ ያለው መረጃ እየጻፈ መልሶ ያነብባል። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ቀዩ መስመር መጣ። የተሳሳተችው አንዲት ቢት ናት። በ4 ጊጋባይት ውስጥ ወደ 34 ቢሊዮን የሚጠጋ ቢት አለ፤ ከዚህ ሁሉ አንዷ፣ ያውም አንዳንዴ ብቻ፣ ዜሮ ሲሏት አንድ ትላለች። ትላልቅ ሰርቨሮች እንዲህ ያለውን የአንዲት ቢት ስህተት አይተው የሚያርም ኢሲሲ የሚባል ሜሞሪ አላቸው፤ የእኔ ዓይነቱ የቤት ማሽን ግን የተሰጠውን አምኖ ይቀበላል። ሁለቱን የሜሞሪ ካርዶች፣ ማለትም ራሞቹን፣ እያፈራረቅኩ፣ በየማስገቢያው እየቀያየርኩ ሞከርኳቸው። ስህተቱ ከማስገቢያው ጋር ሳይሆን ከአንደኛው ራም ጋር አብሮ ይዞር ነበር። የራሙን የብረት መገናኛ በልጄ ላጲስ ፈተግኩት፤ ጠራ እንጂ ራሙ አልዳነም።

ከዚያም ወደ ባዮሱ ገባሁ። የሜሞሪውን ፍጥነት የሚወስነው ማባዣ «አውቶ»፣ ማለትም ባዮሱ ራሱ ይምረጥ፣ ይላል። ዝርዝሩን ከፍቼ ሳነብ 3.33 የምትል ቁጥር ላይ ዓይኔ ሲያርፍ፣ እጄ ይህችን ቁጥር ከዚህ ቀደም መርጧት እንደሚያውቅ ታወቀኝ። አዎ፣ በ2013 ዓ.ም. ገደማ ነበር። ያኔ ማሽኑ አልፎ አልፎ ደርቆ ይቆም ስለነበር የሜሞሪውን ፍጥነት ዝቅ አድርጌ ገላግዬው ነበር። ከዚያ በኋላ አልቆመም፤ ስላልቆመም ረሳሁት።

ሂሳቡን በወረቀት ላይ ሠራሁት። የድሮው ፕሮሰሰር ከማዘርቦርዱ ጋር የሚነጋገርበት መስመር መነሻ ፍጥነቱ 200 ሜጋኸርዝ ነው፤ በ3.33 ሲባዛ ሜሞሪው በ667 ይሮጣል። የአዲሱ መነሻ 266 ነው፤ ባዮሱ ያስቀመጠው ፍጥነቱን ሳይሆን ማባዣውን ስለነበር፣ ያው 3.33 ሜሞሪውን ወደ 890 ገደማ ሊያስሮጠው ሞከረ። የራሞቹ ጽሑፍ ግን 800 ነው የሚለው። ጥቁሩ ስክሪን ይኸው ነበር! ማሽኑ በመጀመሪያው ደቂቃ ላይ ነገሩን ሁሉ ነግሮኝ ነበር። ባትሪውን ሳወጣ ቅንብሩ ወደ አውቶ ተመለሰ፤ አውቶ ደግሞ የራሞቹን ጽሑፍ አምኖ 800 ላይ አቆማቸው። ከሁለቱ አንደኛው 800ን እንደማይችል የሚያውቅ ሰው በቤቱ ውስጥ አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም ረስቶታል። አሮጌውን ፕሮሰሰር ስመልስ ስህተቱ የተከተለኝ ለዚህ ነው፤ አውቶ በ200 መነሻ ላይም ማባዣውን 4 አድርጎ ያንኑ 800 ይሰጣል።

አዲሱን ፕሮሰሰር መልሼ ገጠምኩ፤ በዚህ ጊዜ አራቱንም እግሮች ከጀርባ እያየሁ። ማባዣውን 2.5 አደረግኩት፤ 266 በ2.5 ሲባዛ 667 ይመጣል። ሜምቴስት ሌሊቱን ሙሉ ያለ አንድ ቀይ መስመር አደረ። የእናቴን ተረቶች ፋይል ሠላሳ ዙር አስላሁት፤ ሠላሳውም አንድ ነው፤ በውጭ ዲስክ ላይ ካስቀመጥኩት ቅጂ ጋርም ይታረቃል። ማታ ሁለት ሰዓት የጀመርኩት ቢልድወርልድ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሳይሞላ አለቀ። መብራት የጠፋው አራት ሰዓት ላይ ነው።

## የሰዓት ባትሪ

ወደ መርካቶ ለመመለስ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ሥራ በዝቶብኝ አልነበረም። ይቅርታ ለመጠየቅ ብቻ ሁለት ታክሲ ቀይሮ መሄድ በዕድሜዬ ላለ ሰው እንዴት እንደሚከብድ የደረሰበት ያውቀዋል፤ ምክንያት ፈለግኩ፣ አገኘሁም። ማሽኑ ሲነቀል ሰዓቱ ወደ ኋላ እየቀረ ስለነበር አዲስ የሰዓት ባትሪ ያስፈልገኝ ነበር። እርግጥ ነው፣ ይህችን ባትሪ ከቤቴ በታች ካለው ሱቅም ማግኘት እችል ነበር።

ልጁ እንዳየኝ ከመቀመጫው ተነሣ። «ሠራ እንዴ፣ ጋሼ?»

«ሠራ» አልኩት። «ጥፋቱ የእኔ ነበር። ያን ቀን ሰው ፊት የተናገርኩህ ነገር አግባብ አልነበረም።»

«የቱን ቀን?» አለና ከመደርደሪያው ላይ ባትሪዎቹን ያወርድ ጀመር። በእርግጥ ረስቶት ይሁን፣ ወይም ለሽበቴ አዝኖ ይሁን ከፊቱ ላይ ማንበብ አልቻልኩም፤ ሁለተኛ አላነሣውም፣ እኔም አላነሣሁትም። ባትሪዋን በወረቀት ጠቅልሎ ሲሰጠኝ ግን፣ «ሲቀይሯት ባዮሱ ወደ ፋብሪካው ስለሚመለስ መጀመሪያ ገጾቹን በስልክዎ ፎቶ ያንሷቸው» አለኝ።

ስልኬን አውጥቼ በዚያው ጠዋት ከቤት ሳልወጣ ያነሣኋቸውን ስድስት ፎቶዎች አሳየሁት። ተቀብሎኝ አንድ በአንድ እያሳለፈ አያቸውና ሦስተኛው ላይ ቆመ። በሁለት ጣቱ አሰፋው።

«ሁለት ነጥብ አምስት?» አለ። «ራምዎ 800 አይደል እንዴ? ለምን ዝቅ አደረጉት?»

ከባንኮኒው ስር ዱካ ስቦ ሰጠኝ። ተቀመጥኩና ከጥቁሩ ስክሪን ጀምሬ ነገርኩት።